የእትዬ ሽታዬ ባትሪ

«ሌላ ቀን ቢሞት ይሙት ልጄ። ቅዳሜ ብቻ እንዳይሞትብኝ። ነገን አይደለም፣ በሳምንቱ ቅዳሜን ነው የምልሽ።»

እትዬ ሽታዬ ይህን ብለው ጀዋላቸውን በኢክላስ መዳፍ ላይ አኖሩት። ጀዋል የሚሉት ስልካቸውን ነው፤ ሪያድ ውስጥ የሚኖር ሐበሻ «ሞባይል» ማለቱን ከተወ ቆይቷል። ስልኩ ሁለት ሽፋን ለብሷል፤ በዚያ ላይ የወጥ ቤት ቅባት እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሎ ታስሯል። ኢክላስ ፌስታሉን ስትፈታ ከድስት እንደወጣ ድንች አቃጠላት።

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ለብሶ እንዴት አይግል? እርስዎ በዚህ ሙቀት ጋቢ ደርበው ይሄዳሉ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ዓርብ ነው፤ የጁምዓ ሶላት ካለቀ ብዙም አልቆየም። መንፉሓ ውስጥ ያለችው የነኢክላስ ጠባብ ቤት ዓርብ ዓርብ እግር ማስቀመጫ አይገኝባትም። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት የእናቷ የኡሙልኸይር ጓደኞች የዕረፍት ሰዓታቸውን የሚያሳልፉት እዚህ ነው። ድሮ የሚመጡት ለሻይና ለወሬ ነበር። አሁን አሁን ሻዩ ሰበብ ሆኗል፤ የሚመጡት ለኢክላስ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእናቷ ስልክ ነበር። ምሳ ሳይደርስ እየጠፋ ሲያስቸግራት ኢክላስ ተቀምጣ ስትጎረጉር ዋለችና እስከ ማታ የሚቆይ አደረገችው። እናቷ ለአንዷ ነገረች፣ አንዷ ለሌላዋ ነገረች፣ ወሬው ከመንፉሓ ተነሥቶ ሺፋ ሰፈር ደረሰ። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ «የባትሪ ሐኪም» የሚል ስም ወጣላት። ስሙን ስትሰማ «ኧረ ተዉኝ» ትላለች እንጂ በልቧ ትኮራለች። ደግሞስ ለምን አትኮራም?

ሕክምናዋ ካቻቪቴ እንኳ አይፈልግም። መጀመሪያ የባትሪውን ገጽ ትከፍትና «ማነው የጠጣህ?» ብላ ስልኩን ትጠይቀዋለች። ገጹ አይዋሽም፤ የትኛው አፕ ምን ያህል ቻርጅ እንደጨረሰ በተራ ደርድሮ ያሳያታል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የታወቀ ነው። በየቡድኑ የሚላከው «እንዴት አደራችሁ» የሚል የአበባ ቪዲዮ ሳይጠሩት በራሱ እየወረደ ነው፤ ሎኬሽኑ ቀን ከሌት በርቶ ነው፤ ወይም ስክሪኑ እንደ ሪያድ ፀሐይ ደምቆ ነው። ኢክላስ አንዱን ታጠፋለች፣ ሌላውን ታደበዝዛለች፣ ከዚያ ምክሯን ታስከትላለች። ሰክታችሁት ትራስ ስር አድርጋችሁ አትተኙ። ሙልጭ ብሎ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት።

«እኔ ሲግልብኝ ፍሪጅ ውስጥ ነው የምከተው» አለች ምኞት። ምኞት ከሴቶቹ ሁሉ በዕድሜ ትንሿ፣ በአፍ ግን ትልቋ ናት። «ባለፈው መዳሜ ከእርጎው አጠገብ ሲጮህ አግኝታው ልትሞት ነበር።»

«ምኞት! ፍሪጅ ውስጥ እርጥበት አለ፤ ውስጡን ያበላሸዋል። ጥላ ላይ አስቀምጪውና ሽፋኑን አውልቂለት፣ በቃ!»

ሴቶቹ ስልካቸውን የሚሰጧት ከፍተው ነው። ተቆልፎ ከመጣም ፓስዎርዱን ከክፍሉ ማዶ ጮክ ብለው ይነግሯታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የልጃቸው የትውልድ ዓመት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ የኢቃማቸው፣ ፎቶ፣ የባላቸው መልእክት፣ ለማንም ያልነገሩት ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። «ምን አለበት፣ የኛው ልጅ አይደለች?» ይላሉ።

«ቅዳሜ ምን አለ እትዬ?» አለች ኢክላስ የባትሪውን ገጽ እየከፈተች።

እትዬ ሽታዬ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የቆዩ ይመስል ተስተካክለው ተቀመጡ።

«ባህሩ ይመረቃል! ልጄ! ደሴ ላይ፣ አዋላጅ ነርስ ሆኖ።»

«ወንድ አዋላጅ?» አለች ምኞት።

«አዎ ወንድ አዋላጅ! እሱን ስወልድ የሚያዋልደኝ አጥቼ ሞቼ ነው የተረፍኩት። ይህንን እየሰማ ነው ያደገ።» ይህን ሲሉ እንኳ ፈገግታቸው አልጠፋም። «እህቴ ስልኳን ይዛ አዳራሹ ትገባለች፤ እኔ በቪዲዮ አያለሁ። መዳምም ፈቅዳልኛለች። ክፋቱ፣ የዚያን ቀን እስትራሓ ነው የምንውል።»

እስትራሓ ከከተማ ወጣ ያለ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚዝናናበት የኪራይ ግቢ ነው። እትዬ ሽታዬ እዚያ ሲሄዱ ከጠዋት ጀምሮ ያበስላሉ። ሶኬቱን ደግሞ ልጆቹ ከጠዋት ጀምረው ይይዙታል። ፓወር ባንክ ነበረቻቸው፤ ወጥ ቤት ሙቀት ላይ ውላ ብታብጥ መዳም «ቤቴን ልታቃጥዪ ነው» ብላ ጣለችባቸው፤ ሌላ እንዳያመጡም ከልክላለች። ስለዚህ ያላቸው ተስፋ ስልኩ ውስጥ ያለው ባትሪ ብቻ ነው።

ኢክላስ መረመረችው። ባትሪው ራሱ ጤነኛ ነው። የአበባ ቪዲዮዎቹን ገታች፣ ሎኬሽኑን አጠፋች፣ ከጀርባ የሚሠሩትን አስቆመች።

«እስከ ማታ ያደርስዎታል እትዬ። በኔ ይሁንብዎ።»

«ኢንሻአላህ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ሽታዬ እያማተቡ። ክርስቲያን ቢሆኑም ኢንሻአላህ ከአፋቸው አይጠፋም፤ ሪያድ ለዓመታት የኖረ ሰው እንዲህ ነው።

«የኔ ልጅ የነካችው ጀዋል አይሞትም!» አለች ኡሙልኸይር ከወጥ ቤት። ኢክላስ ሳቋን ለመደበቅ አንገቷን ደፋች።

ማርታ ይህን ሁሉ ከጥግ ሆና ስታይ ነበር። ማርታ የኢክላስ የክፍል ጓደኛ ናት፤ ቤተሰቧም የሚኖረው እዚያው ሕንጻ ላይ፣ ከነሱ በላይ ነው። ኢክላስ የእትዬ ሽታዬን ስልክ ቻርጅ እንዲሞላ መስኮቱ ስር ስትሰካው፣ ማርታ ክንዷን ይዛ ወደ ደረጃው አወጣቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ነቄ አትይም እንዴ?»

«ምኑን?»

ማርታ ስልኳን ዘረጋች። ስክሪኑ ላይ የወርቅ ቀለም ያላት ኮከብ ታበራለች። «ነጃሕ ይባላል። ሰው ትጋብዢያለሽ፣ ይከፍሉሻል። ሪፈራል ማለት ይኼ ነው። አንድ ሰው በኔ ኮድ አፑን አስገብቶ ሳምንት ካቆየው ነጥብ ይሰጡኛል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ሪያል ይሆናል። ይቺን ማዳመጫ በምን የገዛኋት ይመስልሻል?»

ጆሮዋ ላይ ያለው ማዳመጫ እውነተኛ ነው። ኢክላስ ከሰኞ ጀምሮ ስትመኘው ነበር።

«እኔ የክፍል ልጆችን ጋብዤ ጨረስኩ» አለች ማርታ። «አንቺ ግን እስቲ እይ! በየዓርቡ ስንት ጀዋል ነው እጅሽ የሚገባው? ያውም ከነፓስዎርዱ! ሁለት ጊዜ መንካት ብቻ ነው። ያላ፣ አስቢበት!»

ኢክላስ አሰበችበት። አለማሰብ አትችልም ነበር። የሰው ስልክ የምታክመው ልጅ የራሷ ስልክ የአባቷ ውራጅ ነው፤ ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፣ ካሜራውም ከሞተ ቆይቷል። አዲስ ስልክ እንድትገዛ አባቷን መጠየቅ ደግሞ አይሆንላትም፤ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ ሲገባ ፊቱን ማየት ይበቃታል።

«ምን ብዬ ነው የማስረዳቸው?»

«ምን ማስረዳት ያስፈልጋል? ኮከቧ ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ አትነክሳቸው!»

«መጀመሪያ የኔ ላይ ልሞክራት። ሳልሞክረው የሰው ጀዋል ላይ ምንም አላስገባም።»

«ፋራ!» አለች ማርታ እየሳቀች። ቢሆንም የኢክላስን ስልክ ተቀብላ አፑን አስገባችላት፤ በኢክላስ ስም መዝግባም የራሷን ኮድ አወጣችላት። ያኔ ኡሙልኸይር ሻይ እንድታዞር ጠራቻት። ኢክላስ ትሪውን ይዛ ስትዞር፣ ለአንዷ ከልጇ የመጣ የድምፅ መልእክት አብራ ስትሰማ፣ ባዶ ብርጭቆ ስትሰበስብ ጥቂት ቆየች። ስትመለስ ማርታ የእትዬ ሽታዬን ስልክ ነቅላ እያስረከበቻቸው ነበር።

«ጨርሳለች እትዬ፣ ይውሰዱት።»

ኢክላስ ጓደኛዋ ስላገዘቻት ደስ አላት። ስልኩን መልሳ አላየችውም።

ሳምንቱ ገባ። ኢክላስ ትምህርት ቤት ቦርሳዋን ስትከፍት ስልኳ ግሏል። አልነካችውም፤ ስክሪኑም ጠፍቶ ነው የዋለው። ምሳ ላይ ስታየው ሊሞት ተቃርቧል። እንደ ልማዷ «ማነው የጠጣህ?» ብላ ገጹን ከፈተች። የወርቋ ኮከብ ከሁሉም በላይ ቁጭ ብላለች። ዘጋቻት፤ ኮከቧ ራሷን መልሳ ከፈተች። እንደገና ዘጋቻት፤ እንደገና ተከፈተች።

ማታ ኮከቧን ስትከታተል አመሸች። ስልኩ የተኛ ሲመስል ኮከቧ አትተኛም። ሰው በማያየው ስክሪን ላይ ማስታወቂያ ታጫውታለች፣ ከዚያ «ታየ» ብላ ለባለቤቶቿ ትቆጥርላቸዋለች። ኢክላስ ነገሩ ሲገባት አፑን ከስልኳ ነቅላ ጣለችው።

በማግስቱ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ ማርታ አጠገብ ተቀመጠች።

«የሚከፍሉሽ ከየት አምጥተው እንደሆነ ደረስኩበት» አለቻት። «ከሰው ባትሪ ነው። እኔ ባትሪ አቆያለሁ እየተባልኩ ባትሪ ጠጪ አስገባለሁ? ኸላስ፣ እኔ የለሁበትም። አንቺም ብትተዪው ጥሩ ነው።»

ማርታ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ መልሳ ገጠመችው። ቀሪውን መንገድ በመስኮት ስታይ ሄደች። ኢክላስ የተቀየመቻት መሰላት።

በሚቀጥለው ዓርብ እትዬ ሽታዬ ከሁሉም ዘግይተው ገቡ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጡም። ስልኩን ከቦርሳቸው አውጥተው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት፤ ፌስታልም ሽፋንም የለውም፤ ምክሯን አንድ ሳያጎድሉ ፈጽመዋል።

«ሞቷል» አሉ። «ሳምንቱን ሙሉ ሲሞትብኝ ነው የሰነበተ። ዛሬማ ቁርስ እንኳ ሳይደርስ። ነገ ምን ይውጠኛል?»

«ዛሬ ገና ሐኪማችን በሽተኛ ሞተባት!» አለች ምኞት። ለቀልድ ነው ያለችው፤ ሁለት ሦስቱ ሳቁ። የኢክላስ ጆሮ ጋለ።

«የኔ ልጅ የነካችው ጀዋል እንዲህ አይሆንም» አለች ኡሙልኸይር ሻይ መቅዳቷን ሳታቋርጥ። «ሽታዬ፣ አንቺው ቪዲዮ አብዝተሽ ይሆናል።»

«ይሆናላ» አሉ እትዬ ሽታዬ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወይም ባትሪው አርጅቷል። ልጅቷ ምን ታድርግ? የኔ ዕድል ነው እንጂ። ልጄን ወልጄ ሳላሳድገው፣ አሁን ደግሞ ሲመረቅ ላላየው።»

ኢክላስ ስልኩን ሰካችው። ነፍስ እስኪዘራ ድረስ ጉልበቷን አቅፋ ጠበቀች። ስልኩ ሲበራ የባትሪውን ገጽ ከፈተች። ከሁሉም በላይ የወርቋ ኮከብ ተቀምጣለች።

ኮከቧን ነካቻት። ከላይ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር አለ፤ ይህን ስልክ የጋበዘው ሰው ስም ነው። ኢክላስ ይላል።

«እሷን ኮከብማ አደራሽን እንዳትነኪያት!» አሉ እትዬ ሽታዬ ከጎኗ አጮልቀው። «ጠዋት ማታ የምከፍታት እሷን ነው።»

«ለምን እትዬ?»

«አንቺ ያስገባሽልኝ መድኃኒት አይደለች? ባትሪው ሲቀንስብኝ ቶሎ እነካታለሁ። ትሽከረከራለች፣ ታበራለች። እየሠራችልኝ ነው ብዬ ደስ ይለኛል።»

ኢክላስ ቀና ብላ ማርታን ፈለገቻት። ማርታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ቀስ ብላ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ላንቺ ብዬ ነው» ብላ በጆሮዋ አንሾካሾከች። «የመጀመሪያ ነጥብሽ እንዲሆንልሽ። አውቶቡስ ውስጥ ልነግርሽ ነበር፣ ፈራሁ። አጥፊያት በቃ። ማን ያውቃል?»

እውነቷን ነው፤ ማንም አያውቅም። አንድ ጊዜ መንካት ነው። ኮከቧ ትጠፋለች፣ ስልኩ ይድናል፣ እትዬ ሽታዬ ነገ ልጃቸውን ያያሉ። ሴቶቹም ዓርብ ዓርብ መምጣታቸውን አያቆሙም፣ እናቷም አንገቷን ቀና አድርጋ ሻይዋን ትቀዳለች። ከተናገረች ግን ስልኩን የሚሰጣት ማነው? የባትሪ ሐኪም የሚለው ስም ዛሬውኑ፣ እዚሁ ምንጣፍ ላይ ያበቃለታል።

ግን እትዬ ሽታዬ «የኔ ዕድል ነው» ብለዋል። እናቷም ጥፋቱን እሳቸው ላይ ጭናለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይኼ ነው፤ እሷ ዝም ካለች ደግሞ እንደተላከከ ይቀራል። ኢክላስ ወደ እትዬ ሽታዬ ዞረች።

«እትዬ ሽታዬ፣ መድኃኒት አይደለችም።»

«ምን አልሽኝ?»

«ኮከቧ። ባትሪዎን ስትጠጣ የሰነበተችው እሷ ናት። ሰው ስልክ ላይ ሲያስገቧት ላስገባው ሰው ይከፈለዋል። የርስዎ ላይ የገባችው በኔ ስም ነው። የርስዎ ዕድል አይደለም፣ ባትሪውም አላረጀም። ስልክዎን ያመኑኝ እኔን ነው፣ ሳላየው የለቀቅኩትም እኔ ነኝ።»

ኡሙልኸይር የያዘችው ማንቆርቆሪያ አየር ላይ ቀረ። ምኞት እጇን ሰዳ መስኮቱ ስር ተራ ከሚጠብቁት ስልኮች መሀል የራሷን አነሣች። ሌላዋም አነሣች። አንድ በአንድ እያነሡ መስኮቱ ስር ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። ኢክላስን ያንን ማየት ከስድብ ይልቅ አመማት።

«ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች ማርታ በቀጭን ድምፅ። «እሷ አታውቅም ነበር። የራሷ ላይ ሞክራ፣ መጥፎ ነው ተዪው ብላኛለች። አሁን ነው ያየችው።»

እትዬ ሽታዬ ሁለቱንም በተራ አዩአቸው።

«ነገ እኮ ነው ልጄ የሚመረቀው» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አለች ኢክላስ።

«ዝም ብለሽ ብታጠፊልኝ አላውቅም ነበር።»

«አያውቁም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«ዕድሌ ነው ስላሉ ነው እትዬ።»

እትዬ ሽታዬ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ ስልኩን ከእጇ ወሰዱ። ኢክላስ በቃ፣ ተነሥተው ሊሄዱ ነው ብላ አሰበች። እሳቸው ግን እግራቸውን አጥፈው አጠገቧ ተደላደሉ።

«በይ አሳዪኝ። አንቺ እንዳትነኪው። የት የት እንደምነካ ንገሪኝ፣ እኔው እነቅላታለሁ።»

ቀላል አልነበረም። የእትዬ ሽታዬ ጣት በሳሙናና በክሎር ብዛት ስለደረቀ ስክሪኑ ጣታቸውን አይሰማም። ጣታቸውን በእርጥብ ጨርቅ አበሱና ደገሙት። ስልኩን ክንዳቸውን ዘርግተው ከዓይናቸው አርቀው ይዘዋል። ሁለቴ ተሳስተው ካሜራ ከፈቱ፤ አንዴማ ሳያስቡት መዳም ጋ ሊደውሉ ሲሉ ቤቱ ሁሉ «ኧረ!» ብሎ ጮኸ። የኢክላስ እጅ በራሱ ጊዜ ወደ ስልኩ ይሄድባታል፤ በመጨረሻ ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ስር አድርጋ ተቀመጠችባቸው።

«ወደ ታች ይጎትቱት እትዬ። አሁን ባትሪ የሚለውን። ኮከቧን ያዩዋታል? ከላይ ናት።»

«አየኋት። ውይ፣ እቺን የወርቅ ጅብ!»

«እሷን ይንኩ። ከታች ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። እሱን ይጫኑ።»

እትዬ ሽታዬ ትንፋሻቸውን ውጠው ተጫኑት። «ጠፋች?»

«ጠፋች።»

«እኔ ነኝ ያጠፋኋት?»

«እርስዎ ነዎት።»

እትዬ ሽታዬ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ዙሪያቸውን ሲያዩ ልጃቸው ሳይሆን ራሳቸው የተመረቁ ይመስሉ ነበር። ምኞት ስልኳን ይዛ እየተንፏቀቀች መጣች። «እስቲ የኔ ላይም ካለች አሳዪኝ። እኔው ነኝ የምነካው ታዲያ!» ከዚያ ሌላዋ መጣች። ኡሙልኸይር ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ከኋላቸው ተቀመጠች። ኮከቧ ሌላ ስልክ ላይ አልተገኘችም፤ የአበባ ቪዲዮ ግን መዓት ነው የተገኘው።

እንግዶቹ ሲሄዱ እናትና ልጅ ብርጭቆ እያጠቡ ነበር።

«ስትናገሪ ማንቆርቆሪያው ከእጄ ሊወድቅ ነበር» አለች ኡሙልኸይር።

«ተቆጣሽ እማ?»

«ተቆጣሁ እንጂ። ኮራሁም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚባል እኔ አላውቅም።» እርጥብ እጇን የኢክላስ ራስ ላይ አሳረፈችና ወደ ብርጭቆዋ ተመለሰች።

ቅዳሜ ረጅም ቀን ሆነ። ማርታ በጠዋት ወረደች። ማዳመጫዋን አላደረገችም። ለጋበዘቻቸው የክፍል ልጆች ሁሉ ስለ ኮከቧ ጽፋላቸዋለች፤ ግማሾቹ ስቀውባታል፣ ግማሾቹ «ለካ እሷ ናት ስልኬን የገደለችው!» ብለው ነቅለዋታል። ሁለቱ ልጆች የኢክላስን ስንጥቅ ስልክ መሀላቸው አስቀምጠው ጠበቁ። ምሳ ሆነ። ምሳ አለፈ። ኢክላስ ባትሪው ያልቃል ብላ አትፈራም ነበር፤ ግን እትዬ ሽታዬ ጣታቸው ስቶ ሌላ ነገር ነክተው ይሆን ብላ ሰጋች። ራሷ ብትነካው ኖሮ እርግጠኛ ትሆን ነበር።

የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ሽታዬ ናቸው፣ በቪዲዮ። ከኋላቸው የቴምር ዛፍ ይታያል፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ሻሻቸው ወደ ጎን ሄዷል።

«አየሁት! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት!» አሉ። «ስሙ ሲጠራ እህቴ እዚያ እልል ስትል፣ እኔ እዚህ አፌን በሻሽ አፍኜ እልል አልኩ። መዳም ሰምታ መጣች። ታባርረኛለች ስል አብራኝ ቆማ አየችና ‹ማብሩክ› አለችኝ። ባርኔጣው ደግሞ ያምርበታል! ራሱ ትልቅ ነው፣ እንደ አባቱ።»

ኢክላስ ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ። «እንኳን ደስ ያለዎት እትዬ። ባትሪውስ?»

«ባትሪውማ! ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ ጎረቤቶቼ ጋ ደወልኩ፣ ባህሩ ጋ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ ገና አለው። ገጹንም ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ በራሴ ጣት! ሰው አለቀብኝ እንጂ ባትሪውስ አላለቀም።»

ማርታ ከኢክላስ ትከሻ በላይ ብቅ ብላ «እንኳን ደስ አለዎት» አለች በፍርሃት።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን። አንቺም አለሽ?» አሉ እትዬ ሽታዬ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቂም አልነበረም። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። «ስሚኝማ ኢክላስ፣ እዚህ ከጎናችን ያለው እስትራሓ የምትሠራ የከሚሴ ልጅ አገኘሁ። ጀዋሏ ግማሽ ቀን አይሞላም ትላለች። ስላንቺ ነገርኳት። ዓርብ ይዣት ልምጣ?»

ኢክላስ ትናንት ባዶ ሆኖ ያየችውን የመስኮቱን ስር አየችው። ከዚያ ጭኗ ስር አድርጋ የተቀመጠችባቸውን እጆቿን አየች፤ ደረቷ ውስጥ ያለው ኩራት ነበር፤ አላፈረችበትም።

«ይዘዋት ይምጡ እትዬ» አለች። «ፓስዎርዷን ግን እንዳትነግረኝ ይንገሯት። መነጽር ካላትም ይዛ ትምጣ፤ የምትሠራው ራሷ ናት።»